«ህ» እና «ሽ»

ለነፍስ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። ጾም መሻሬን፣ በሐሰት መማሌን፣ በመጠጥ ያባከንኳቸውን ሌሊቶች አንድ በአንድ ቆጥሬ ነግሬያቸው ቀኖናዬን ተቀብያለሁ። ፊደል መለወጤን ግን ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ከተናዘዝኩት ሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ እሱ ነው።

ነገሩ የሆነው ጎንደር ውስጥ በ1996 ዓ.ም. ነው። 19 ዓመቴ ነበር። ከዳባት ገጠር ለትምህርት የመጣች የአክስቴ ልጅ እኛ ቤት ትኖር ነበር፤ እሷ 15 ዓመቷ፣ 7ኛ ክፍል። «ለትምህርት መጣች» እንበል እንጂ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ማታ እስክትተኛ የቤቱን ሥራ የምትሠራው እሷ ነበረች። ውኃ ትቀዳለች፣ ሊጥ ታቦካለች፣ ትጋግራለች፣ የእኔን ሰፊ ሱሪ ሳይቀር ታጥባለች። ደብተሯን የምትገልጠው ምጣዱ እስኪግል ባለችው ጊዜ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ነግራኛለችና አልጽፍም። እኔን «ወንድምዓለም» ትለኝ ነበር።

አራት ጓደኛሞች ሆነን ራፕ እንሠራ ነበር። ፒያሳ ካለ አንድ ሲዲ ቤት ቃል የሌለበት ቢት እናስገለብጣለን፤ በአንድ የተሰነጠቀ ቴፕ እየከፈትን ማታ ማታ ከፋሲል ግቢ አጥር ሥር እንለማመዳለን። የመኝታዬ ግድግዳ ላይ አሜሪካዊው ራፐር ቱፓክ ተለጥፎ ነበር። እንግሊዝኛውን ግማሹን አንሰማውም፤ ድምፁን ግን ሰምተነዋል። ያ ድምፅ «ዝም በል» ተብሎ ያደገ ሰው ድምፅ መሆኑን ማንም ሊነግረን አላስፈለገም። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት መድፋት፣ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ፈትቶ ድንጋይ ላይ መዋል፣ በአባት ቤት ውስጥ በ20 ዓመት እንደ ልጅ መታዘዝ፤ ይህ ሁሉ አንገታችን ላይ የተጣለ ቀንበር ነበር። ማይክ ስንጨብጥ ቀንበሩ ይወርድ ነበር። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው፤ ራፕ እኔን ነፃ አውጥቶኛል። ኃጢአቴም የሚከብደው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ነፃነት ምን እንደሚመስል እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

አዲስ ነገርም አልነበረም። ጎንደር ያደገ ልጅ ፉከራና ሽለላ ሰምቶ ያድጋል። አዝማሪ ቤት ገብቶ ከደንበኞቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ፣ አዝማሪውም በማሲንቆው እያጀበ መልሶ ሲያዜመው አይቷል። የተሰጠውን ቤት አዝማሪው በሰጪው ፊት ይለዋል፤ ግጥሙ የማን እንደሆነ ቤቱ በሙሉ ያያል። እኔም ተቀባይ ነበርኩ። የሰጠችኝን ግን ማንም እንዳያያት አደረግሁ።

የአክስቴን ልጅ ግጥም ያወረሰቻት አያታችን ናት። አያታችን የእጅ ወፍጮ ላይ ተደፍታ በሌሊት ስታንጎራጉር ቤት ትመታ ነበር፤ ባሏን፣ ዳኛውን፣ ድርቁን፣ ልጆቿን የወሰደባትን በሽታ ሁሉ እያነሣች። ልጅቱ ያንን እየሰማች አድጋ ምጣድ ላይ ቀጠለችው። እኔ ማጀት በር ላይ ተቀምጬ ቢቱን በአፌ እመታላታለሁ፤ እሷ አክንባሎውን እያነሣች ትገጥማለች። ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት ሁለት ቤት፣ አራት ቤት፣ ስምንት ቤት። እኔ በደብተር እጽፋለሁ። ባለ 60 ሉኩ ደብተር በስድስት ወር ሞላ። አንዳንዱን ብቻዬን የጻፍኩት አለ፤ አብዛኛው ግን የእሷ ነው። መድረክ ላይ ስወጣ ሁሉም የእኔ ይሆን ነበር።

ዛሬ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ መደቦችን ሳስተምር ጥቁር ሰሌዳው ላይ «መጣሁ» ብዬ እጽፍና ተማሪዎቼን «የመጣው ወንድ ነው ሴት?» እላቸዋለሁ። አይታወቅም። በአማርኛ አንደኛ መደብ ፆታ የለውም። «ሄድኩ፣ ደከመኝ፣ ጠላሁ፣ እኔ ነኝ» የምትለዋ ሴት ልትሆን ትችላለች፣ ወንድም ሊሆን ይችላል። ስርቆቴን ያቀለለልኝ ይህ ነው። «እኔ» ብላ የገጠመችውን ሁሉ አንዲት ፊደል ሳልነካ አፌ ውስጥ ከተትኩት፤ ልክ ሆነልኝ። የሚያስቸግረው ሁለተኛ መደብ ነው። እሷ የምትናገረው ወንድን ነበር። «አንተ» ትላለች። ወንድ ሆኜ ወንዶች ፊት ቆሜ ያንን ማለት አልችልም ነበር፤ ስለዚህ «ህ»ን እየፋቅሁ «ሽ» አደረግሁት።

አንዱን እነሆ፣ በፈቃዷ፦

ጀግና ነኝ ትላለህ አደባባይ ቆመህ፣
ምሳህን ከሞሰብ ማን አቀረበልህ?

ይህ የአንዲት የ15 ዓመት ልጅ ጥያቄ ነው። ምሳውን ያቀረበችው እሷ ናት፤ የተጠየቀውም እኔ ነኝ። የእንቁጣጣሽ ሰሞን በአንድ አዳራሽ ሕዝብ ፊት ቆሜ እንዲህ አልኩት፦

ጀግና ነኝ ትያለሽ አደባባይ ቆመሽ፣
ምሳሽን ከሞሰብ ማን አቀረበልሽ?

ቃሉ ያው ነው። ትርጉሙ ግን «የምትበይው የእኔን ነው፣ አፍሽን ዝጊ» ሆነ። ወንዶቹ ወንበር እየደበደቡ ጮኹ። ፊት ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ተያይተው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ያን ቀን ያገኘሁትን ጭብጨባ ያህል በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም። እሷ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማ ነበር።

ማታ እራት አቀረበችልኝ። እጄን ስታስታጥበኝ ማንም እንዳይሰማ ዝቅ ብላ፣ «ወንድምዓለም፣ ያቺ የሰደብካት ሴትዮ ማን ናት?» አለችኝ።

አልመለስኩላትም።

በዚያ ዕድሜዬ ስለ ሂፕ ሆፕ አመጣጥ የማውቀው የወንዶችን ስም ብቻ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ታሪኩን በደንብ ያነበብኩት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973 በኒው ዮርክ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 የተደረገው ግብዣ የሂፕ ሆፕ መወለጃ ይባላል፤ ዘፈን ያጫወተውም ዲጄ ኩል ኸርክ ነው። ግብዣውን ያሰበችውና ያዘጋጀችው ግን እህቱ ሲንዲ ካምቤል ናት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነበርና ልብስ መግዣ ፈልጋ ነው። መግቢያው ለሴቶች 25 ሳንቲም፣ ለወንዶች 50 ሳንቲም ነበር። ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። መላው ዓለም የሚያውቀው የወንድሙን ስም ነው፤ እህትየው ግን ልብስ መግዣ የምትፈልግ ተማሪ ነበረች። እኛ ቤት የነበረችውም እንደዚያው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ዩቲኤፍኦ የሚባሉ ወንዶች አልቀርባቸው ስላለች አንዲት ሮክሳን የምትባል ልጅ ሲያፌዙ፣ በሮክሳን ስም የ14 ዓመቷ ሮክሳን ሻንቴ መልስ ሰጠቻቸው። ዘፈኗም በዚያው ጊዜ ተቀርጾ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ራፐሯ ኩዊን ላቲፋ ሴትን በመንገድ ላይ በስድብ የሚጠሩ ወንዶችን ፊት ለፊት የጠየቀችበትን ዘፈን አወጣች፤ ግራሚም ተሸለመችበት። ግድግዳዬ ላይ የነበረው ቱፓክም ቢሆን እንዳሰብኩት አልነበረም። ለእናቱ የዘፈነው «ዲር ማማ» እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ እሱ በአንዲት ሴት ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ተፈርዶበት እስር ቤት ነበር። እናትን በዘፈን አክብሮ ሌላዋን ሴት መበደል በአንድ ሰው ውስጥ አብሮ እንደሚኖር ከማንም ይልቅ እኔ አውቃለሁ። እኔም ለእናቴ ግጥም ነበረኝ። እሱንም የገጠመችው የአክስቴ ልጅ ናት።

ወደ ጎንደር፣ ወደዚያው ዓመት ኅዳር ልመለስ፤ ዋናው በደሌ ያለው እዚያ ነው።

በዚያው አዳራሽ ፍሪስታይል የፈለገ ሁሉ የሚወጣበት ቀን ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር መጣች። ማንም ሳይጠራት ወደ መድረኩ ወጣች፣ ማይኩን ከጓደኛዬ እጅ ወሰደች። የራሷን ግጥም በ«ህ» አለችው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ቢቱን የሚከፍተው ልጅ ደንግጦ ዘግቶት ስለነበር ያለ ቢት ነው ያለችው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ፉጨትና ስድብ መጣ፤ «ውረጂ!» አሉ። ከስድቡ መካከል ከሴቶቹ ወገን አንዲት ልጅ እልል አለች፣ ብቻዋን። ያ እልልታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እኔም ከተሳዳቢዎቹ ጋር አብሬ «ውረጂ» ብያለሁ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ደረሰ። ሴት ልጅ፣ ያውም በአደራ የመጣች የሰው ልጅ፣ በወንዶች አዳራሽ ፎከረች። አባቴ ሳሎን አስጠሩኝ፤ እሷ በሩ ላይ ቆማለች። «ግጥሙ የማን ነው?» አሉኝ። አባቴ ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ናቸው። የጎጃሟን የቅኔ መምህር፣ ዓይነ ስውሯን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ሲያነሡ «ወንዶቹን አስቀምጠው ያስተምሩ ነበር» እያሉ የሚደነቁ ሰው። «የእሷ ነው» ብል ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ይቆጡ ነበር፤ ምናልባትም ቅኔ አዋቂነታቸው ያሸንፋቸው ነበር። ያንን አጋጣሚ አልሰጠኋቸውም። «የእኔ ነው፤ ከደብተሬ ሰርቃ ነው» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። አልተከራከረችም። ደብተሩ በእኔ እጅ ጽሑፍ የተሞላ ነው፤ ምን ብላ ትከራከር?

በሳምንቱ ቅዳሜ አክስቴ መጥታ በዳባት አውቶቡስ ይዛት ሄደች። ጌጥ የለሽ የላስቲክ ቦርሳ ነበረቻት። ጥር ላይ ተዳረች። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ወጥቶ የጋብቻ ዕድሜ 18 መሆኑን ደንግጎ ነበር፤ በሠርጉ የነበረ ሰው ሁሉ ያንን ቢሰማም የሚጠይቅ አልነበረም። እኔ ሠርጉ ላይ ነበርኩ፤ እስክስታም ወርጃለሁ። ራፑን ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ያህል ብቻ ሠራሁ። ጓደኞቼ «ግጥምህ ደከመ» ይሉኝ ነበር። ሌላ ምክንያት ፈጥሬ ተውኩት።

ሕሊናዬን ለማባበል የተጠቀምኩበት አንድ ሐሳብ ነበር፤ «አገራችን ሴት ልጅ በአደባባይ የማትፎክርበት አገር ነው፤ እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ» የሚል። ውሸት ነው፤ ውሸት መሆኑንም ያወቅሁት በገዛ ከተማዬ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ ከዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጉዞ ጋር ጎንደር መጥቶ ለወራት ተቀመጠ። መልካም አያሁ የሚባሉ የዛር አለቃ የሆኑ አሮጊት ቤት እየዋለ ያደረ ሰው ነው። እዚያ ቤት ሴቶች ይፎክሩ ነበር። ዛሩ ጦረኛ ነው፤ ሴትዮዋ «ፈረሱ» ናት ይባላል። ፈረስ ሆና ስትፎክር ማንም «ውረጂ» አይላትም፤ ቡና ይፈላል፣ ይጨበጨብላታል፣ የምትጠይቀው ይሰጣታል። በራሷ ስም ልትል የማትችለውን በዛሩ ስም ትለዋለች። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን እንዲህ የሚይዛት አንዲት እናት ነበረች፤ እኛ ልጆች በአጥር ቀዳዳ እያየን እንስቅባት ነበር። ዛሬ የሚታየኝ ሴትዮዋ ለመናገር የከፈለችው ዋጋ ነው። የአክስቴ ልጅ ዛር አልያዛትም። በዩኒፎርሟ፣ በራሷ ድምፅ፣ በቀን ብርሃን ነው የተናገረችው። ይቅር ያላልናትም ለዚያ ነው።

የመልካም አያሁንና የልጃቸውን የእማዋይሽን ንግግር አስተርጓሚው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ በደብተር ይመዘግቡ ነበር። ሌሪስ ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1934 ፓሪስ ሲታተም ሽፋኑ ላይ የወጣው የራሱ ስም ነው። ሌሪስ ቢያንስ የሴቶቹን ስም በመጽሐፉ ውስጥ ጽፏል። እኔ ያንን እንኳ አላደረግሁም።

በ2005 ዓ.ም. «የኛ» የሚል የሬዲዮ ድራማ በአዲስ አበባና በአማራ ክልል መሰማት ጀመረ። አምስት ወጣት ሴቶች ይተውኑበታል፣ ይዘፍኑበታል፤ ታሪኩ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ስለ ድብደባ፣ ስለ ጓደኝነት ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ከሬዲዮው ጋር እየዘፈኑ መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም፤ ሾፌሩም አልገሠጻቸውም። ከመውረጃዬ በፊት ወረድኩ። እነዚያ ልጆች ዘፈኑን ሲዘፍኑ ማንን እንደሚያስታውሱኝ አያውቁም ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የገንዘብ ድጋፉን ማቋረጡን ሰማሁ። እዚያ አገር ጋዜጦች ለዘፋኝ ሴቶች የሚወጣውን ገንዘብ ብክነት ብለው ዘምተውበት ነበር። አነበብኩና ተናደድኩ። ንዴቴን ግን ማመን አልቻልኩም፤ እኔም በአንድ ወቅት «ውረጂ» ካሉት ነኝ።

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር አክስቴ አረፈች። ለቅሶ ሄድኩ። ከአውቶቡስ ወርዶ ሁለት ሰዓት በእግር ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ገብሱ እየታጨደ ነበር። ከሩቅ ሙሾ ሲወርድ ይሰማኛል። ድምፁን ከ16 ዓመት በኋላም አልሳትኩትም። በአገሩ ታዋቂ አልቃሽ ሆናለች፤ ለሰው ለቅሶ ሁሉ ትጠራለች። ያን ቀን የምታለቅሰው ለእናቷ ነበር። እኔ ግቢው በር ላይ ስደርስ አየችኝ፤ ፊቷን ሳታዞር እንዲህ አለች፦

እናቴ ሳትፈርጂ መሄድሽ ቸኮለ፣
ሌባዬ ከበሩ ገና ቆሞ ሳለ።

ለቀስተኛው ሁሉ ደረቱን መታ። ሌባው ሞት ነው ብለው ነው፤ ሞት ደጅ ቆሞ ሰው ይሰርቃልና። ያ ሰሙ ነው። ወርቁን ያወቅን እኔና እሷ ብቻ ነበርን። አክስቴ ልጇ ሌባ እንደሆነች እያመነች ነው የሞተችው።

ለአርባዋ ተመልሼ ሄድኩ። ደብተሩን ይዤ። ሰው ከተሸኘ በኋላ ጎተራው አጠገብ ቁጭ ብለን ለመናገር ስጀምር አስቆመችኝ። «ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ አውቀዋለሁ። የማያውቁት ዘንድ ሂድና ንገር» አለችኝ። ጎንደር ስመለስ በመጀመሪያ ለአባቴ ነገርኳቸው። 78 ዓመታቸው ነበር። የመቁጠሪያቸውን ገመድ እየቆጠሩ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ግጥሙን በለኝ» አሉ። በ«ህ» አልኩላቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝና ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ይህን የምጽፈውም የማያውቁት ገና ብዙ ስለሆኑ ነው፤ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ያጨበጨቡ አሉ፣ ሠርጓ ላይ የበሉ አሉ።

በአርባዋ ዕለት ከሰዓት ግን ደብተሩን ስሰጣት ከልጇ እስክሪብቶ ጠየቀች። ልጇ 12 ዓመቷ ነው፤ እናቷን እያየች አጠገቧ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ሉክ ጀምራ ታነባለች። «ሽ» ያለበት ስትደርስ ትሰርዝና ከላዩ «ህ» ትጽፋለች። አትቸኩልም። አንዳንዱ ቦታ ላይ ፈገግ ትላለች፤ አንዱ ላይ ቆማ «ይህንን ያልኩት ጎመን እየቀነጠስኩ ነው» አለች። ልጅቱ ከትከሻዋ በላይ አንገቷን አስግጋ ታነባለች። እናቷ አልፎ አልፎ ደግሞ አንድ ሉክ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን አስቀምጣ በጥንቃቄ፣ ከስፌቱ ጀምራ ትቀደዋለች። ጠይም፣ ከሥራ ብዛት የተሰነጠቀ እጅ ነው ያላት።

ስትጨርስ የተቀደዱትን አራት ሉኮች አስተካክላ አጠፈችና ሰጠችኝ። «እነዚህ ያንተ ናቸው» አለችኝ። ደብተሩን ለልጇ አቀበለቻት። «በል ተነሥ፤ አውቶቡሱ ያመልጥሃል።»

ቁልቁለቱን ስወርድ ልጅቱ ጮክ ብላ ማንበብ ጀምራ ነበር።